የጨዋታ ውጤት ግምት በደብተርና በኤክሴል፦ የእንግሊዙንም የእኛንም ሊግ በምን እንገምት? (ጎንደር)

1. ሳሙና_በር

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ሰፈር ስምንት ሆነን በየሳምንቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና የአገራችንን ሊግ ውጤት እየገመትን በቴሌግራም ነጥብ እንያያዛለን። ገንዘብ የለበትም። ትክክለኛውን ውጤት ላገኘ 3፣ አሸናፊውን ብቻ ላወቀ 1 ነጥብ ነው የምንሰጠው። አሁን ከስሜት ወጥተን በሥርዓት መገመት ፈልገናል። ከምን ይጀመራል? ነጥቡስ በምን ይያዝ? ለእንግሊዝ የሚሠራው ለከተማችን ክለብ ለፋሲል ከነማ ጨዋታም ይሠራል? የምታውቁ አስረዱን።

2. አንገረብ

ወንድሜ፣ መነሻህ ጎል ይሁን እንጂ ደረጃ አይሁን። ሰንጠረዡ በባከነ ሰዓት ጎል 1 ለ 0 ያሸነፈንም 4 ለ 0 የረታንም እኩል 3 ነጥብ ሰጥቶ ያልፋል። የቡድን አቅም ይበልጥ የሚታየው በሚያስቆጥረውና በሚቆጠርበት ነው።

ለእያንዳንዱ ቡድን አራት ቁጥር ያዝ፦ በሜዳው ያስቆጠረው፣ በሜዳው የተቆጠረበት፣ ከሜዳው ውጪ ያስቆጠረው፣ ከሜዳው ውጪ የተቆጠረበት። ሁሉንም በተጫወተው ጨዋታ ብዛት አካፍል። ከዚያ የሊጉን አማካይ አውጣ። ባለሜዳዎች በአማካይ 1.5፣ እንግዶች 1.2 ጎል የሚያስቆጥሩበት ሊግ ነው እንበል።

ቡድን ሀ በሜዳው በ10 ጨዋታ 18 አስቆጥሯል፣ 9 ተቆጥሮበታል። ቡድን ለ ከሜዳው ውጪ በ10 ጨዋታ 12 አስቆጥሯል፣ 15 ተቆጥሮበታል። የሀ ማጥቃት 1.8 ሲካፈል ለ1.5፣ 1.2 ነው። የለ መከላከል 1.5 ሲካፈል ለ1.5፣ 1.0 ነው። ሁለቱን አባዝተህ በሊጉ የባለሜዳ አማካይ ስታባዛ 1.2 × 1.0 × 1.5 = 1.8 ጎል ከሀ ይጠበቃል። ለለም እንዲሁ፦ ማጥቃቱ 1.2 ÷ 1.2 = 1.0፣ የሀ መከላከል 0.9 ÷ 1.2 = 0.75፣ ስለዚህ 1.0 × 0.75 × 1.2 = 0.9 ጎል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 1.8 ለ 0.9ን አጠጋግቶ 2 ለ 1 ብሎ ይጽፍና ያቆማል። ዋናው ሥራ ግን ገና ነው። የሚጠበቀውን ጎል በፖይሰን ቀመር (ከአማካይ ተነስቶ 0፣ 1፣ 2... ጎል የመቆጠር ዕድልን የሚያወጣ፤ በኤክሴልና በጎግል ሺትስ POISSON.DIST) ወደ ዕድል ቀይረው። ለሀ፦ 0 ጎል 16.5 በመቶ፣ 1 ጎል 29.8፣ 2 ጎል 26.8፣ 3 ጎል 16.1፣ 4 ጎል 7.2። ለለ፦ 0 ጎል 40.7፣ 1 ጎል 36.6፣ 2 ጎል 16.5፣ 3 ጎል 4.9። አንዱን በአግድም፣ ሌላውን ወደ ታች ደርድረህ አባዛ። እስከ 6 ጎል ድረስ ከሄድክ ይበቃል። በሠንጠረዡ ሰያፍ መስመር ላይ ያሉት (0-0፣ 1-1፣ 2-2...) ተደምረው የአቻን ዕድል ይሰጡሃል፤ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት የሁለቱን አሸናፊነት። በዚህ ምሳሌ ሀ 58.6፣ አቻ 22.9፣ ለ 18.5 በመቶ ይወጣል።

3. ቀሃ

ጥሩ ማብራሪያ ነው። ግን እኔ በስልክ ጎግል ሺትስ ላይ ስሠራው የሀ ዕድሎች ተደምረው ከ1 በላይ ይሆናሉ። ለ2 ጎል 0.73 ነው የሚለኝ፣ አንተ 26.8 ነው ያልከው። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

4. አንገረብ

ቀመሩ ሦስት ነገር ይጠይቅሃል፦ የጎሉን ብዛት፣ የሚጠበቀውን ጎል፣ በመጨረሻ 0 ወይም 1። አንተ 1 አስገብተሃል። 1 ስታደርገው "እስከ 2 ጎል ድረስ ያለው በሙሉ" ይልሃል፤ 16.5፣ 29.8 እና 26.8 ተደምረው ነው 0.73 የሆኑት። 0 አድርገው። ሁልጊዜም በሠንጠረዡ ግርጌ ድምር አስቀምጥ። እስከ 6 ጎል ሄደህ ድምሩ 0.99 ካልሞላ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

5. ቸቸላ

አንገረብ ያቀረበው ትክክል ነው፤ ግን ሊጉ በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት እንዳለ ብትጠቀሙት ጉድ ይሠራችኋል። 4 ጨዋታ ላይ 10 ጎል ያገባ ቡድን በአማካይ 2.5 አለው። ይህ ቁጥር አይጸናም። ከአሥሩ አራቱ ምናልባት አንድ የተበታተነ ቡድን ላይ የገቡ ናቸው።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ቡድን ላይ 6 "መካከለኛ ጨዋታ" መጨመር ነው። የሊጉ አማካይ 1.5 ከሆነ 6 × 1.5 = 9 ጎል ትጨምራላችሁ፦ (10 + 9) ÷ (4 + 6) = 1.9። ጨዋታው እየበዛ ሲሄድ የተጨመረው በራሱ ጊዜ ክብደቱን ያጣል። 6 የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፤ በ5 እና በ10 መካከል ሞክራችሁ በግምት መዝገባችሁ ላይ የተሻለ ውጤት የሰጠውን ያዙ።

ካለፈው ዓመት የመጣ ውጤትም በግማሽ ክብደት ይገባል። 20 ጨዋታ ከነበረ እንደ 10 ይቆጠር፣ ጎሉም ለሁለት ይካፈል። አሠልጣኝ የቀየረና ግማሽ ቡድኑን የሸጠ ከሆነ ወደ ሩብ አውርዱት። አዲስ ያደገ ቡድን ላይ ከታችኛው ሊግ ያመጣውን ጎል ፈጽሞ አታስገቡ፤ ማጥቃቱን 0.85፣ መከላከሉን 1.15 (ብዙ የሚቆጠርበት ቡድን የመከላከል ቁጥሩ ይበልጣል) ብላችሁ ጀምሩና ጨዋታው ያርመው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ (ከሁለተኛው እርከን) ባደገበት በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዓመት ዋንጫውን ወስዷል፤ ያደገ ሁሉ ደካማ ነው ብሎ ሙሉ ዓመት የጸና ገማች በዚያ ዓመት አልቆለታል።

6. መምህር_ዘአዘዞ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ስለ ነጥብ አያያዙ የተጠየቀው ስላልተመለሰ እኔ ልግባ።

"3 ለትክክለኛ ውጤት፣ 1 ለአሸናፊ" ለመዝናናት ደኅና ነው፤ ማን በእውነት እንደሚገምት ግን አይለይም። 51 በመቶ ያመነበትንና 90 በመቶ ያመነበትን ሰው እኩል 1 ነጥብ ይሰጣል። የተሻለው እያንዳንዱ ሰው ለሦስቱ ውጤቶች ድምሩ 100 የሚሆን በመቶኛ እንዲሰጥ አድርጎ በብራየር ነጥብ መለካት ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ለሆነው ነገር 1፣ ላልሆነው 0 ትጽፋላችሁ፤ ከሰጣችሁት ዕድል ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ ታባዙና ሦስቱን ትደምራላችሁ። ትንሽ ቁጥር ይሻላል።

59፣ 23፣ 18 ብላችሁ ባለሜዳው ቢያሸንፍ፦ 0.41 በ0.41 = 0.168፣ 0.23 በ0.23 = 0.053፣ 0.18 በ0.18 = 0.032፤ ድምሩ 0.253። አቻ ቢወጣ 0.973። እንግዳው ቢያሸንፍ 1.073። "መቶ በመቶ ሀ ያሸንፋል" ብሎ የተሳሳተ 2 ሙሉ ይወድቅበታል። ሦስቱንም 33.3 ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ሁልጊዜ 0.667 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ባይገምት ይሻለው ነበር ማለት ነው።

የበለጠ ጠበቅ ያለ መለኪያም አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ረዘም ያሉ ዓመታትን ስታዩ ባለሜዳ 45፣ አቻ 25፣ እንግዳ 30 በመቶ ገደማ ነው። ለሁሉም ጨዋታ ይህንኑ የሚለጥፍ ሰው በረጅም ጊዜ 0.645 አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ ከስምንታችሁ ጋር ዘጠነኛ ተጫዋች አድርጋችሁ "45-25-30" የሚባል አስገቡ። እሱን ያላሸነፈ ሰው ስለ ቡድኖቹ ያወቀው ነገር ገና ግምቱ ላይ አልደረሰም። ከ50 ጨዋታ በፊት ግን አሸናፊ አትሹሙ። በአንድ ዙር 10 ጨዋታ ውስጥ ዕድል ብቻውን ደረጃውን ይገለብጠዋል።

7. የማራኪዋ

መምህር፣ ያሉት ግልጽ ነው፤ እናመሰግናለን። ስለ 3 እና 1 ነጥቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች እሱን መተው ስለማይፈልጉ።

በዚህ አሠራር አቻ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ይጎዳል። ሁለት ፍጹም እኩል ቡድኖች ውሰዱ፣ ከእያንዳንዳቸው 1.2 ጎል የሚጠበቅ። 1-0 ብሎ ለጻፈ የሚጠበቀው ነጥብ፦ የማሸነፍ ዕድል 0.362 ሲደመር የትክክለኛው ውጤት 0.109 በ2 (ከ1 ነጥቡ በላይ በሚጨመረው) ተባዝቶ፣ 0.58። 1-1 ብሎ ለጻፈ፦ 0.277 ሲደመር 0.131 በ2፣ 0.54። ቡድኖቹ እኩል ሆነውም 1-0 ይበልጣል! ስለዚህ ሕጉን አውቆ የሚጫወት ሰው አቻ አይጽፍም፣ ሁሉም ሰው 1-0 እና 2-1 እየደረደረ ጨዋታው ይሞታል። ትክክለኛውን ውጤት ወደ 5 ብታሳድጉት ሁለቱም 0.80 ይመጣሉ። ያኔ አቻ መጻፍ ምክንያት ይኖረዋል።

አንገረብን ደግሞ ልጠይቅ፦ በምሳሌህ ላይ የትኛው ውጤት ነው አንደኛ የሚወጣው? አቻውም ያነሰ መሰለኝ።

8. አንገረብ

ጥሩ አየሽ እህቴ። በተራው ፖይሰን 1-0 በ12.1 በመቶ አንደኛ ነው። 2-0 እና 1-1 በ10.9 እኩል ይከተላሉ፣ 2-1 ደግሞ 9.8። ልብ በሉ፦ አንደኛ የወጣው ውጤት እንኳ ከመቶ 88 ጊዜ አይሆንም። ትክክለኛ ውጤት በተከታታይ ሳተ ብሎ ዘዴ የሚቀይር ሰው ያለ ምክንያት ነው የሚቀይረው።

አቻው አንሷል ያልሽውም እውነት ነው። ፖይሰን ሁለቱ ቡድኖች አንዱ ሌላውን ሳያይ ጎል እንደሚያገባ አድርጎ ያስባል። ሜዳ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። 0-0 ሆኖ 80ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም ነጥቧን ይዘው መውጣት ሊመርጡ ይችላሉ። ለዚህ በ1997 እ.ኤ.አ. ዲክሰንና ኮልስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች ያወጡት ማስተካከያ አለ። አራት ውጤቶችን ብቻ ይነካል። አንድ ትንሽ ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ 0.1 እንበል። ከዚያ፦

0-0ን በ (1 + 1.8 × 0.9 × 0.1) = 1.162 ታባዛላችሁ፤ ከ6.7 ወደ 7.8 ይወጣል።
1-1ን በ (1 + 0.1) = 1.1፤ ከ10.9 ወደ 12.0።
1-0ን በ (1 − 0.9 × 0.1) = 0.91፤ ከ12.1 ወደ 11.0 ይወርዳል።
0-1ን በ (1 − 1.8 × 0.1) = 0.82፤ ከ6.0 ወደ 5.0።

የተጨመረውና የተቀነሰው ስለሚጣጣም ድምሩ አይፋለስም። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን የታችኞቹን ማገላበጥ ላይ ነው፦ በ1-0 ላይ የሚገባው የእንግዳው ቁጥር ነው፣ በ0-1 ላይ የባለሜዳው። አሁን ሀ 57.5፣ አቻ 25.1፣ ለ 17.4 ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሀ የማሸነፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሳለ አንደኛ የሚወጣው ነጠላ ውጤት 1-1 ሆነ። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ለየቅል ነው፤ "ማን ያሸንፋል?" እና "ስንት ለስንት?" በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፉ የግድ መስማማት የለባቸውም።

9. ጃንተከል

አሁን ወደ አገር ቤት እንግባ፣ ምክንያቱም እስካሁን የተባለው ሁሉ በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ባነሳበት በዚያው 2013 እንኳ "ባለሜዳ" የሚለው ስም ነበር እንጂ ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ የተደረገ ጨዋታ አልነበረም። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈውን ቡድን ባለሜዳ አድርጎ 1.5 እና 1.2 የሚያስገባ ሰው ያልነበረ ጥቅም እያደለ ነው። ለእኛ ሊግ አንድ አማካይ ብቻ ያዙ። ለምሳሌ በ8 ጨዋታ 18 ጎል ከተቆጠረ ለአንድ ቡድን 18 ÷ 16 = 1.125 ነው። ብዙ ዙር ሰብስባችሁ ይህን አንድ ቁጥር በሁለቱም በኩል አስገቡ። አራቱ የአንገረብ አምዶችም ወደ ሁለት ይወርዳሉ፤ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፣ ለእያንዳንዱ አምድ እጥፍ ጨዋታ ታገኛላችሁ።

የሜዳ ጥቅም ምን ያህል ከደጋፊ እንደሚመጣ የእንግሊዙ 2020/21 አሳይቷል። ስታዲየሞቹ በአብዛኛው ባዶ በነበሩበት በዚያ ዓመት ከ380 ጨዋታ ባለሜዳ 144፣ እንግዳ 153 አሸነፈ፣ አቻ 83። እንግዳ ከባለሜዳ በልጦ አያውቅም ነበር። የእኛ ሊግ አብዛኛው ጨዋታም ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ልዩ ሁኔታው የአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ነው። ውድድሩ ባሕር ዳር ላይ ሲሆን ባሕር ዳር ከነማ እውነተኛ ባለሜዳ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ሐዋሳ ከተማ፣ ድሬዳዋ ላይ ድሬዳዋ ከተማ። ለነሱ ብቻ የሚጠበቀውን ጎል በ1.1 አባዙ፣ የተጋጣሚያቸውን በ0.9። የጣና ሞገዶቹ (ባሕር ዳር ከነማ) ባሕር ዳር ላይ ከዐፄዎቹ (ከፋሲል) ሲገናኙ ግን ይህንን ግማሽ አድርጉት፣ ምክንያቱም ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የእኛም ደጋፊ ስታዲየሙን ይካፈላል።

ሌላው፣ በአንድ ሜዳ በቀን ሁለት ጨዋታ ለሳምንታት ሲደረግ ሣሩ ይረግፋል፣ ኳስ መሬት ለመሬት መጫወት ይከብዳል። በከተማው ቆይታ መጨረሻ ላይ ያሉ ዙሮች ላይ የሁለቱንም ጎል 5 በመቶ ቀንሱ። ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመርና ምሽት የሚጀመር ጨዋታም አንድ አይደለም፤ በሙቀቱ ሰዓት ፍጥነቱ ይወርዳል። ጨዋታው ለሚጀመርበት ሰዓት በመዝገባችሁ ላይ ለብቻው አምድ ስጡት።

በፎርፌ የተሰጠ 3-0ን ደግሞ ከነጭራሹ አውጡት። ነጥብ ነው እንጂ ጎል አይደለም። እንደ መቐለ 70 እንደርታ ለዓመታት ርቀው የተመለሱ ክለቦች ላይም የድሮ ቁጥር አይሠራም፤ ቸቸላ ለአዲስ አዳጊ እንዳለው ጀምሩ።

10. ሳሙና_በር

ጃንተከል እግዜር ይስጥልን! "ባለሜዳ" የሚለውን እንዳለ ነበር የምንወስደው። የፋሲልን ጨዋታስ እንዴት እናድርገው? ስምንታችንም ደጋፊ ነን።

11. ጃንተከል

የፋሲልን ግምት በተለየ ገጽ መዝግቡ። ከ15 ጨዋታ በኋላ "ያሸንፋል" ብላችሁ የሰጣችሁትን በመቶኛ አማካይ በእውነት ካሸነፈው ጋር አስተያዩ። 60 ሰጥታችሁ 45 ካሸነፈ፣ ከእንግዲህ የፋሲልን ቁጥር ሠንጠረዡ እንዳወጣው ጻፉ፣ አንድም ሰው በእጁ አይንካው። ዐፄዎቹን መውደድና ለዐፄዎቹ 15 በመቶ መጨመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

12. ቸቸላ

ስለ አሰላለፍና ጉዳት አልተነሳም። የእንግሊዙ አሰላለፍ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲቀረው ይወጣል። የቅዳሜው ዋና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በክረምታቸው ምሽት 12፣ ከማርች መጨረሻ በኋላ ደግሞ ቀን 11 ነው፤ ሰዓታቸውን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። የግምት መዝጊያችሁን ከአሰላለፍ በፊት ወይም በኋላ አንዱን ምረጡና አትለዋውጡት። አንዱ አሰላለፍ አይቶ ሌላው ሳያይ ከገመተ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

ማስተካከያው ጠባብ ይሁን። ዋናው አጥቂ ከሌለ የቡድኑን ጎል እስከ 10 በመቶ ቀንሱ፣ ከዚያ አትለፉ። "እገሌ ከሌለ አይችሉም" የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል፤ ተተኪውም ፕሮፌሽናል ነው። በቀይ ካርድ ረጅም ሰዓት በ10 ሰው የተደረገ ጨዋታን በግማሽ ክብደት አስገቡ።

ለእንግሊዝ ደግሞ ከጎሉ ይልቅ የሚጠበቅ ጎል፣ ማለትም ኤክስጂ፣ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ሙከራ በመግባት ዕድሉ ይመዝነዋል፤ ፍጹም ቅጣት ምት 0.78 አካባቢ ነው፣ ከሳጥን ውጪ የተመታ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 በታች። በ8 ጨዋታ ላይ ኤክስጂ ከጎል ይልቅ ቡድኑን ይገልጻል። ግማሽ ጎል፣ ግማሽ ኤክስጂ አድርጎ መያዝም ደኅና ነው።

13. አዲስ_ገቢ

ይህን ሠንጠረዥ ይዤ ስምንት ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ብቆርጥ አላተርፍም? 59 በመቶ ጥሩ ዕድል አይደለም?

14. መምህር_ዘአዘዞ

ልጄ፣ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። 59 በመቶ ስምንት ጊዜ ሲባዛ 1.5 በመቶ ይሆናል። ከመቶ ትኬት 98ቱ ይቀደዳሉ።

ኦዱን (አቋማሪው ለእያንዳንዱ ውጤት የሚሰጠውን የክፍያ ብዜት) ደግሞ እይ። 2.10፣ 3.40፣ 3.60 ተሰጥቷል እንበል። 1ን ለእያንዳንዳቸው አካፍል፦ 0.476፣ 0.294፣ 0.278። ድምሩ 1.048 ነው። ከ1 በላይ ያለው 4.8 በመቶ የአቋማሪው ድርሻ ነው። በአንድ ጨዋታ ትንሽ ይመስላል፤ ስምንት ስትደራርብ 1.048 ስምንት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.455 ይሆናል፤ ይህ ማለት ከ100 ብርህ በአማካይ የሚመለሰው 69 ብር ገደማ ነው። ኦዱን ያወጡት ሰዎችም ከኛ የበለጠ መረጃና ፈጣን ኮምፒውተር አላቸው። በዚህ ሠንጠረዥ ገንዘብ አታስይዝ።

ኦዱ የሚጠቅመው ለንጽጽር ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ለ1.048 ስታካፍል 45.4፣ 28.1፣ 26.5 ይወጣል። ይህንን አሥረኛ ተጫዋች አድርጋችሁ መዝግቡ። ከ"45-25-30" በልጣችሁ ወደዚህኛው ከተጠጋችሁ ሥራችሁ ጥሩ ነው።

15. የማራኪዋ

ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታስ? ዋልያዎቹ በዓመት የሚያደርጉት ጨዋታ ጥቂት ነው፣ ተጋጣሚያቸውም በጣም ይለያያል፤ የጎል አማካይ አያስኬድም።

16. መምህር_ዘአዘዞ

ለዚያ ኢሎ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የብቃት ቁጥር ትሰጫለሽ፤ ልዩነቱ 100 ከሆነ ከጠንካራው የሚጠበቀው 0.64 ነው። የ20 መጠን (በአንድ ጨዋታ ቁጥሩ ሊቀየር የሚችልበት ከፍተኛው) ከተጠቀምሽና ጠንካራው ካሸነፈ 20 × 0.36 = 7.2 ይጨመርለታል፣ ከተሸናፊው ያው ይቀነሳል። ፊፋም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወንዶችን ደረጃ በዚህ መንገድ ነው የሚያሰላው፤ ልዩነቱን ግን በተለመደው የኢሎ ቀመር ውስጥ ባለው 400 ፈንታ በ600 ስለሚያካፍል 100 ነጥብ ልዩነት በእነሱ 0.59 ብቻ ነው። ከፊፋ ደረጃ ነጥብ ወስዶ በ400 ማስላት የተለመደ ስህተት ነው። ደግሞም 0.64 የማሸነፍ ዕድል አይደለም፤ ማሸነፍ ሲደመር የአቻ ግማሽ ነው። አቻው 26 በመቶ ከሆነ ማሸነፉ 51 ብቻ ይሆናል።

17. ቀሃ

ለሳሙና በር ልጆች አንድ የቴሌግራም ነገር፦ ግምታችሁን አንዱ ቀድሞ ሲጽፍ ሌላው እያየ ይጠጋል፣ ስምንቱም ተመሳሳይ ይሆናል። "መልእክት በቀጠሮ ላክ" የሚለውን ተጠቀሙ። የመላኪያውን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ይመጣል። ሁላችሁም ለአንድ ደቂቃ ቀጥሩት፣ ለምሳሌ ለ11 ሰዓቱ ጨዋታ ለ10፡55። ከወጣ በኋላ ያስተካከለ ሰው መልእክቱ ላይ ምልክት ስለሚቀር የተነካ ግምት አይቆጠር። የጻፋችሁት ሦስት ቁጥር ድምሩ 100 ካልሆነም እንዲሁ። 60፣ 25፣ 20 ብሎ የሚልክ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

18. ሳሙና_በር

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ በመቶኛ እንገባለን፤ ትክክለኛ ውጤት 5፣ ብራየር ለብቻው፣ "45-25-30" ዘጠነኛ፣ ኦዱ አሥረኛ። ለአገር ውስጡ ግን ዘጠነኛው ምን ይሁን? 45 ለባለሜዳ እዚያ አይሠራም።

19. ጃንተከል

36-28-36 ብላችሁ ጀምሩ። 60 ጨዋታ ከመዘገባችሁ በኋላ የአቻውን ቁጥር ከራሳችሁ መዝገብ አውጡና የቀረውን ለሁለት እኩል ክፈሉት። አስተናጋጁ ከተማ የሚጫወትበትን ቀን ከዚህ ቆጠራ አውጡት።